የወንዱ ውሻ ባለቤት ምን አገባው?

በሁምቦ ወረዳ፣ በጠበላና በዙሪያዋ፣ ጥሩ ወንድ ውሻ ያለው ሰው ዕረፍት አያገኝም። ሌሊት ከርከሮውንና ጃርቱን ከበቆሎ ማሳ ሲያባርር የሚያድር፣ ቀን ደግሞ የቤቱን ሕፃናት የማይነካ ውሻ ዝናው ቶሎ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ሴት ውሻ ያለው ሰው ይመጣና «ጋሼ፣ ውሻዎን ለአንድ ሁለት ቀን ያውሱኝ፤ ዘሩ እንዳይቀር ነው፤ ስትወልድ መርጠው አንድ ቡችላ ይወስዳሉ» ይላል። እኔም ተጠይቄ አልሰጥም ብያለሁ። በዚህም ንፉግ ተብያለሁና ምክንያቴን ለእናንተ ለወጣቶች መጻፍ ወደድሁ።

የነቃፊዎቼ ዋና ክርክር ይህ ነው፤ «የምታረግዘው የኔ፣ የምታጠባውም የኔ፤ እርስዎን ምን ቸገረዎ?» እኔ የምጣላው ከዚህ አነጋገር ጋር ነው። ውሻ የምታረግዘው ሁለት ወር ያህል ነው፤ በአንድ ወሊድም አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። አንዱን እኔ እወስዳለሁ፤ አንዱን ባለቤቷ ያስቀራል። የቀሩትስ? ለጠያቂዬ «የአራት ወሳጆች ስም አምጣ» አልሁት። የሁለት አመጣልኝ፤ ሁለቱም «ወንድ ከሆነ» ብለዋል። ሴቶቹማ «ነገ ወልዳ ታስቸግረኛለች» እየተባለ፣ ዓይናቸው በቅጡ ሳይገለጥ በማዳበሪያ ተቋጥረው ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር ይጣላሉ። ይህን የሚያደርገው ሰው አረመኔ አይደለም፤ ለልጆቹ የሚያበላው ያጠረው ሰው ነው። ነገር ግን ወንዱን ያዋሰውም ሰው የዚያን ማዳበሪያ አንድ ጫፍ ይዟል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ማንም ያላበላው ውሻ ግን የሚጮኽለት ቤት የለውም። ከተጣሉት የተረፈው በሥጋ ቤት ጓሮና በገበያ ዳር ያድጋል፤ የሚያስከትበው የለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከ100 እጅ እስከ 99ኙ በውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር የተነከሰውን ልጅ የከተበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ሳይዘገይም ክትባቱን መወጋት አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በአባያ ሐይቅ በኩል ካለው ቆላ የተነከሰ ልጁን አዝሎ ሽቅብ ወደ ሶዶ የሚሮጥ አባት፣ «የነከሰው ውሻ እኮ ዘሩ ጥሩ ነው» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል?

ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም፤ ጎልማሶቹም 500 አይሞሉም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ከውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከግማሽ በላይ ፈጀ። በዚያው ሸለቆ ከውሻ የተዳቀሉ ቀበሮዎችም ተገኝተዋል። የእነዚያ ውሾች ባለቤቶችም «የኔ ወንድ ነው፤ ምን አገባኝ» ሳይሉ አልቀሩም።

ስለ ዘር የሚነገረው ደግሞ ያስቀኛል። የኔ ውሻ እኔው ራሴ ከመንገድ ዳር ያነሣሁት ነው፤ አባቱንም እናቱንም የሚያውቅ የለም። ጎበዝ ያደረገው ጠዋትና ማታ የበላው ፍርፋሪ፣ በልጅነቱም በዱላ አለመመታቱ ይመስለኛል። የእሱን ዓይነት የሚሻ ሰው የእሱን ዘር መለመን የለበትም፤ ወደ መንገዱ ዳር ወርዶ ይመልከት።

«ተፈጥሮውን ነፈግኸው» የሚሉኝም አሉ። ወይፈኑን አኮላሽተን ስንጠምደው ግን ማንም አያለቅስለትም፤ የእንስሳት ሐኪም ሳገኝ ለውሻዬም ይህንኑ አስደርጋለሁ። ከዚህም በቀር በግንኙነት የሚተላለፍ፣ በብልት ላይ የሚወጣና ደም የሚያንጠባጥብ ዕጢ አለ፤ ልቅ ውሾች በበዙበት አገር ሁሉ የታወቀ ነው። ተፈጥሮ ይህንንም አብራ ትሰጣለች።

ከሁሉ የበረታው ክርክር ግን «ባትሰጠውም አጥር ዘሎ ይሄዳል» የሚለው ነው፤ አልንቀውም። ይሁን እንጂ ውሻው አምልጦኝ የሚያደርገውና እኔ በገመድ ስቤ፣ ዋጋ ተቀብዬ የማስደርገው አንድ አይደለም። ስለዚህ በሰፈሩ ሴት ውሻ ፈላጊ መሆኗን ስሰማ ሦስት ሳምንት ያህል ቀንም ሌትም አስረዋለሁ። በነዚያ ሌሊቶች በቆሎውን የምጠብቀው እኔው ነኝ፤ ማማ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ አድራለሁ። ጃርቱ ግን እንደ ውሻው አይፈራኝም።