አውሮፕላኑን አድሱት፤ ታሪኩን አትሰርዙት

በጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» ከጣሊያን ወደ አገሯ ስትመለስ ብዙዎቻችን ደስ አለን፤ የሚገባም ደስታ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው ያቺ ትንሽ አውሮፕላን በወረራው ዘመን ተዘርፋ ተወሰደች። ከሮም አቅራቢያ፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ስትታይ ኖረች። የተዘረፈ ሲመለስ እልል ማለት የአባት ነው። የእኔ ጥያቄ ከእልልታው በኋላ ይጀምራል፤ የጦር ዘመን አውሮፕላን ጠብቀን የምናቆመው ለምንድን ነው?

ሁለት መልስ እሰማለሁ፤ ሁለቱንም አልቀበልም። አንደኛው «የተራበ እያለ ለቁርጥራጭ ብረት ገንዘብ ማፍሰስ ቅንጦት ነው» ይላል። ሁለተኛው «የክብራችን ምልክት ነውና ቀለም ቀብተን እናብለጭልጨው» ይላል። የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም አውሮፕላኑን አያነቡትም።

አሮጌ አውሮፕላን ሰነድ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ቼክ በመስኮቴ አያልፍም። በመዝገብ ላይ ስሕተት ቢታረም እንኳ አራሚው አጠገቡ ይፈርማል። የቅርስ እድሳትም ሕጉ ይኸው ነው። የቀድሞው ቀለም ተፍቆ ከመጣሉ በፊት ንብርብሩ ይመረመራል፤ ከሥሩ የዱሮ ቁጥርና ዓርማ ሊወጣ ይችላልና። የተተካ ብሎን፣ የተለወጠ የክንፍ ሸራ በመዝገብ ይሰፍራል፤ የወጣው አሮጌ አካልም ምልክት ተደርጎበት ይቀመጣል። አሉሚኒየም ከብረት በሚጋጠምበት ቦታ እርጥበት ሲገባ ይበላል፤ ጎማ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጣራ ከቀለም ይቀድማል። ማደስ ማለት አዲስ ማድረግ አይደለም!

ሰነዱን ካነበብን ደግሞ እስከ መጨረሻው ገጽ እናንብበው። እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሠራሽ የሆነችው ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ላይ አረፈች። ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከንጉሥ ተፈሪ ጦር ጋር ገጠሙ። በዚያ ዘመቻ አውሮፕላን አስቀድሞ የአዋጅና የውግዘት ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣም ወደቁ። ከራሱ መቀመጫ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ አንቺም ለሚያቀና ሰው ጋይንት መንገዱ ናት። የበጌምድር ገበሬ አውሮፕላንን ያወቀው ተሳፍሮበት አይደለም፤ ከበታቹ ቆሞ ነው።

ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ነገር ግን የአየር ኃይላችን ታሪክ ሲወራ አብራሪው ይወደሳል፣ ሞተሩ ይተነተናል፤ አንቺም በአንድ መስመር ትታለፋለች። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ በኤፍ-5 የሶማሊያን ሚጎች የጣሉ አብራሪዎቻችን ክብራቸው ይጻፍ፤ እጃቸው በዘይት የጠቆረ መካኒኮችም አይረሱ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን፣ በገበያ ቀን፣ ሚጎች በሕዝብ ላይ ያወረዱት ቦምብም እዚያው ግድግዳ ላይ ይጻፍ። አንዱን ገጽ አንብቦ ሌላውን መገንጠል ስርዝ ድልዝ ነው፤ ያውም ፊርማ የሌለው።

ለተራበው እንጀራ ይቅደም የሚለኝን እሰማዋለሁ። ግን አስተውሉ፤ ከሁሉ የሚያንሰው ወጪ ከሁሉ የሚያስቸኩለው ነው። የ1922ቱን ሰማይ ያዩ ዓይኖች ተከድነዋል። በሕይወት ያሉትን መካኒኮችና አብራሪዎች፣ ከቦምብ የተረፉትንም እናቶች ቁጭ ብሎ ማዳመጥ መቅረጸ ድምፅና ትዕግሥት እንጂ የመንግሥት በጀት አይጠይቅም። ብረቱ ዝጎም ቢሆን ይጠብቀን ይሆናል፤ ሰው ግን አይጠብቅም።

ክንፉ ታደሰልን፣ እሰየው አማረ፤
የዚያ ገበሬ ስም የት ላይ ተቀበረ?
ከላይ የበረረው ስሙ ተጻፈለት፤
ከታች የወደቀው ማን ይመስክርለት?