ከበረንዳው ሥር የተቀበረው ክዳን

ዙልሒጃ 8 ቀን 1430 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009)፣ ሐጃጆች ወደ ሚና በሚያመሩበት የተርዊያ ዕለት፣ በጅዳ ከተማ የጣለው ዝናብ በአራት ሰዓታት ውስጥ 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ደርሶ ከ100 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉ ይታወሳል። ከሁሉም የከፋው ጉዳት የደረሰው በምሥራቅ ጅዳ በምትገኘው በቁወይዛ ሰፈር ነበር። በንጉሥ አብዱላህ ትእዛዝም በመካ ክልል አስተዳዳሪ በልዑል ኻሊድ አል ፈይሰል የሚመራ መርማሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል።

የአደጋው መንስኤ ዝናቡ ብቻ አልነበረም። ጅዳ በሒጃዝ ተራሮችና በቀይ ባሕር መካከል የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ከተራሮቹ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ባሕሩ የሚደርሰው በሸለቆዎች በኩል ነው። በእነዚያ ሸለቆዎች ላይ ቤት ሲሠራ ውሃው መንገዱን አልረሳም። በጃኑዋሪ 2011 የኡሙል ኸይር ግድብ ተደርምሶ ከተማዋ ዳግም ተጥለቀለቀች። ኖቬምበር 24 ቀን 2022 ደግሞ በደቡብ ጅዳ በስድስት ሰዓታት ውስጥ 179 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ።

ከ2009 ወዲህ መንግሥት ግድቦችንና ሰፋፊ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦዮችን ገንብቷል። ይሁን እንጂ ትልቁ ቦይ ሊሸከም የሚችለው ወደ እርሱ የደረሰውን ውሃ ብቻ ነው። በሸለቆው ላይ የተፈጸመው ስሕተት በአነስተኛ መጠን በየደጃፉ ሊደገም ይችላል። እንደ ሳፋ ባሉ ቤቶች በተጠጋጉባቸው ሰፈሮች አንድ ባለቤት ግቢውን ለማስፋት ወይም ሽታና ነፍሳትን ለመከላከል ሲል በማንሆል ክዳን ላይ ሲሚንቶ አፍስሶ በረንዳ ቢያነጥፍ፣ ሥራው ለዓይን ያምራል፤ ጉዳቱ የሚታየው መስመሩ በተዘጋ ቀን ነው።

ማንሆል የሚሠራው ቱቦዎች በሚገናኙበት፣ በሚታጠፉበትና ተዳፋታቸው በሚለወጥበት ስፍራ ነው። መስመሩ የሚመረመረውም የሚጠረገውም በዚያ በኩል ነው። ክዳኑ ከተቀበረ ጠራጊው የሚገባበት ያጣል፤ ፍሳሹም ወደ ኋላ ተመልሶ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ወለል ባለው ጎረቤት ቤት ይወጣል። አንዱ ያነጠፈውን በረንዳ ዕዳ ሌላው ይከፍላል።

ጉዳዩ በተለይ በሕንጻ ጠባቂነትና በጽዳት ሥራ ለተሠማሩ ወገኖቻችን የሕይወት ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በቆየ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ መርዛማ ጋዝ ይጠራቀማል። ጋዙ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበረታ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ «ሽታ የለውም» ተብሎ ወደ ጉድጓድ መግባት አይገባም፤ የወደቀን ሰው ለማውጣት ያለ መሣሪያ ተከትሎ መውረድም የሟቾችን ቁጥር ያበዛል። በዝናብ ጊዜ ውሃው እንዲሰርግ በማለት የመንገድ ማንሆል መክፈትም እንዲሁ አደገኛ ነው። በጎርፍ የተሸፈነውን ቀዳዳ መንገደኛ አያየውም።

ይህ ጥያቄ ለሙስሊም ማኅበረሰብ እንግዳ አይደለም። መካ ራሷ በሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በኸሊፋ ዑመር ዘመን በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ የመጣው ጎርፍ መቃመ ኢብራሂምን ከስፍራው እንደወሰደውና እርሳቸውም ውሃውን የሚመልስ ግድብ እንዳሠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። በኢስላማዊ ሕግ ደግሞ ጉድጓድና የውሃ መውረጃ «ሐሪም» የሚባል፣ ማንም ሊገነባበት የማይገባ ዙሪያ አላቸው። ማንሆሉ በግል ግቢ ውስጥ ቢሆንም እንኳ የሚያገለግለው መስመር የጋራ ከሆነ፣ ዙሪያውም የጋራ ጥቅም አለበት።

መፍትሔው በረንዳን መተው አይደለም። የንጣፉን ሴራሚክ በራሱ ላይ የሚሸከም፣ ጠርዙ ሽታ እንዳያሳልፍ የተገጠመ ተነሺ ክዳን አለ፤ የማንሆሉን አፍ እስከ አዲሱ ወለል ከፍ ማድረግም ይቻላል። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የክዳኖቹን ስፍራ መለየትና የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ተከራይና ጠባቂም የተሸፈነ ክዳን ካዩ ዝናብ ሳይመጣ ለባለቤቱ ማሳወቅ ይገባቸዋል።

በኦገስት 2006 በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን በሌሊት መውሰዱን የምናስታውስ ኢትዮጵያውያን ደረቅ የሚመስል የውሃ መንገድ ባለቤት እንዳለው እናውቃለን። የክዳን ነገርም ከዚህ አይለይም፤ በደረቁ ወራት ክፍት የተተወ መንገድ በዝናብ ቀን ቤትንም ጎረቤትንም ያድናል።