ቅጽል ስምን ማን ያወጣዋል?

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሦስቱ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ላኩልኝ። ተናጋሪው ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሷል፣ ከጀርባው ሙዚቃ አለ። መልእክቱ ይኼው ነው፦ ሰው ስለ አንተ የሚለው አይመለከትህም፣ ማን እንደሆንክ የምትወስነው አንተ ብቻ ነህ፣ ራስህን ሁን! ከሥር «አሜን» እና የልብ ምልክት ተደርድሯል። «ቲቸር፣ እስቲ ምን ይላሉ?» ብለውኛል።

የምለውን በአጭሩ ልናገር፦ ውሸት ነው። ያውም ጉዳት የሌለው ውሸት አይደለም። ሰዳቢውን ነፃ አውጥቶ ተሰዳቢውን የሚከስ ውሸት ነው።

ከቋንቋችን ልጀምር። በአማርኛ ሰውን ለማናገር «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ባትፈልግም ግሡ ያስገድድሃል። «ና» ስትል ወንድ ነህ ብለኸዋል፣ «ነይ» ስትል ሴት ነሽ፣ «ይምጡ» ስትል ደግሞ ክብር ሰጥተሃል። ልጅ «እኔ» ማለት ሳይጀምር ሌሎች ምን ብለው እንደሚጠሩት ይሰማል። ስሙን ስትጠይቀውም የራሱን ብቻ ተናግሮ አያበቃም፣ የአባቱን ይጨምርበታል። ፎገራ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ስታገኝ «የማን ልጅ ነህ?» ነው የምትለው እንጂ «ምን ትወዳለህ?» አትለውም።

ይህን እንደ ነውር አልቆጥረውም። ሰው በሰው ነው የሚሠራው። አባቶቻችን «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ያሉት ለቀልድ ብቻ አይደለም። በሜዳው ስም የሚጠራ የከብት ዝርያ ያለን የፎገራ ሰዎች ደግሞ ስለ ጊደር ማንም አያስተምረንም።

ስለዚህ «ሰው የሚለው ይመለከተኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ይመለከትሃል። መጠየቅ ያለበት «እኛ ምን እያልን ነው?» የሚለው ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ይሁን። ቅጽል ስምን ግን መልአክ አያወጣውም። «ቡዳ»ን፣ «ፋቂ»ን፣ «ቀጥቃጭ»ን ያወጣነው እኛው ነን። «ጠቢብ» የሚለውን የክብር ቃል እንኳ ብረት ለሚሠራ ሰው ሲሆን ስድብ ማድረግ ችለናል!

አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ርስት ትከለክለዋለህ። መሬት የሌለው ሰው ምን ይብላ? ብረት ይቀጠቅጣል፣ ቆዳ ይፍቃል፣ ሸክላ ይሠራል። ከዚያ «እሳት ዳር የሚውል ሰው ዓይኑ ክፉ ነው» ትላለህ። ከዚያ ደግሞ «ቡዳ ስለሆነ አብረነው አንበላም፣ ልጃችንንም አንድርለትም» ትላለህ። ክቡ ተዘጋ። በክቡ ውስጥ የተወለደው ልጅ «ራስህን ሁን» ቢባል የትኛውን ራሱን ይሁን?

ከዚህም የባሰ አለ። ሰው ሲታመም «ተበላ» ተብሎ ጭስ ሲያሸቱት አይታችሁ ይሆናል። በሽተኛው ይለፈልፋል። «ማን ነህ?» ሲሉት «እገሌ ነኝ፣ እገሊት ነኝ፣ በላሁት» ይላል። ተከሳሿ ሴትዮ በዚያ ሰዓት ቤቷ ተቀምጣ ሸክላዋን እያለሰለሰች ነው። የእሷን «እኔ ነኝ» ግን ሌላ ሰው በሌላ ቤት ተናግሮላታል፣ መንደሩም አምኗል። በማግስቱ ገበያ ስትወጣ የሚጠብቃት ሰው እሷ የምታውቃት ሴት አይደለችም። በሌሎች አፍ የተፈጠረች ሴት ናት። እስቲ ይቺን ሴት ሂዱና «ሰው የሚለው አይመለከትሽም» በሏት!

ታሪኩን የማናውቀውም አይደለንም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ ነው። አገር መድፍ ፈልጎ ብረት አቅላጭ ሲጠራ፣ ያው አገር የራሱን ብረት ሠሪ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል እያለ ይፈራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ርስት ያልነበረው ሁሉ ቢያንስ በሕግ ባለመብት ሆኗል። አዋጁ ወጣ፣ መሬቱም ተደለደለ። ስድቡ ግን አፋችን ላይ ቀረ፣ ምክንያቱም አፍን የሚያስተካክለው አብሮ የሚውል ሰው ነው።

የቤተ እስራኤልን ነገር አስቡት። ጎንደር ዙሪያ ብረት ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ሆነው ለዘመናት ኖሩ። ራሳቸውን «ቤተ እስራኤል» ይሉ ነበር፣ እኛ «ፈላሻ» አልናቸው፤ መጤ፣ አገር አልባ እንደማለት ነው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጓጓዘ። እዚህ «እናንተ እስራኤሎች» ሲባሉ የኖሩት ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ምን ተባሉ? «ኢትዮጵያውያን!» በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የለገሱት ደም ለዓመታት በምስጢር ሲደፋ እንደነበር ተጋለጠ፣ እነሱም ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። ሰዎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው የሚያያቸው ዓይን ነው። እዚህ ክፉ የተባለው ዓይናቸው ነበር፣ እዚያ ንጹሕ አይደለም የተባለው ደማቸው ሆነ። በሁለቱም አገር ማንነታቸውን ለብቻቸው እንዲወስኑ የፈቀደላቸው አልነበረም።

«ቲቸር፣ ይሄ የድሮ ታሪክ ነው» የምትሉኝ አላችሁ። እሺ፣ የቅርቡን ልንገራችሁ። ቪዲዮውን ከላኩልኝ ሦስት ሰዎች አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። በፈቃዷ ነው የምጽፈው። ባዮሎጂ ከክፍል አንደኛ ነበረች። ቁርሷን ግን ብቻዋን ነበር የምትበላው። ወላጅ ሲጠራ «እናቴ ታማለች» ትል ነበር፣ እናቷ ግን ቅዳሜ ገበያ ምጣድና ጀበና ደርድራ ተቀምጣ አገኛት ነበር። ዛሬ ሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ ይዛለች። የእናቷን ሥራ ሲጠይቋት «ነጋዴ ናት» ትላለች። ከቪዲዮው ሥር የጻፈችልኝ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ አሥር ጊዜ ሰማሁት። ለእኔ ለምን አልሠራም?»

አልሠራም፣ ምክንያቱም በሽታው ያለው አንቺ ላይ አይደለም። እናትሽ በሠራችው ምጣድ እንጀራ እንጋግራለን፣ እሷ የቀዳችውን ውሃ ግን ለመጠጣት እናመነታለን። በጀበናዋ ቡና አፍልተን ጎረቤት እንጠራራለን፣ እሷን ግን አንጠራትም። ዕድሜዋ ለ«አንቱ» የደረሰች ሴት በልጅ እግር ነጋዴ «አንቺ» ስትባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ መታከም ያለበት ማን ነው?

አሁን ሌላ ሙግት ይመጣል፦ «ባህል ነው፣ ምን ይደረጋል?» ይህን የሚለኝ የፎገራ ሰው ከሆነ እስቃለሁ። ወንድሜ፣ ዛሬ የበላኸው እንጀራ ውስጥ ሩዝ አለ! አያቶቻችን ይህን ሜዳ የሚያውቁት በከብቱ ነበር። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት ውሃው እስኪሸሽ ይጠብቁ ነበር። ሩዝ የመጣው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈተጊያ ድምፅ ያለባት፣ የአገሪቱ የሩዝ ምርምር ማዕከል የተቀመጠባት ከተማ ናት። ማሳችንን፣ ምግባችንን፣ የሥራ ወቅታችንን፣ «የፎገራ ሰው» ሲባል አገር የሚያስበውን ሁሉ በአንድ ትውልድ ቀየርን። አንዲት ቃል ከአፋችን ማውጣት አቃተን? አቅቶን አይደለም። ሩዝ ትርፍ አለው። ስድብም ለሰዳቢው ትርፍ አለው፤ ምንም ሳይሠራ ከሌላው በላይ ያደርገዋል።

ሌላው ሙግት ከበድ ይላል፦ «ሰው በሌሎች ብቻ የሚሠራ ከሆነ እንቢ ባይ ከየት ይመጣል?» መልሱ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ነው፣ አውራ አምባ። ዙምራ ኑሩ ገና በልጅነቱ እናቱ ከአባቱ እኩል እርሻ ውላ ማታ ደግሞ ብቻዋን ለምን ትለፋለች ብሎ ጠየቀ። ምን ተባለ? «እብድ።» ዞር ዞር ብሎ የሚሰማው ሰው ፈለገ። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ገበሬዎች ጋር ማኅበረሰቡን መሠረቱ። በደርግ ጊዜ ተገፍተው እስከ ቦንጋ ተሰደዋል፣ ኋላም ተመልሰዋል። እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ጥጥ ይፈትላል። መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ ዋና መተዳደሪያቸው ምን መሰላችሁ? ሽመና! ከእነሱ አጥር ውጭ ሰው የሚሰደብበት ሙያ።

ስለ እምነታቸው የፈለጋችሁትን በሉ፣ ክርክሬ እሱ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ይኸኛው ነው፦ ያ ሰው ብቻውን ሳለ እብድ ነበር፣ «አንተ ትክክል ነህ» የሚሉት ጥቂት ሰዎች ሲያገኝ መንደር ሆነ። በዚያ መንደር የተወለደ ወንድ ልጅ ምጣድ ላይ ሲቆም «ሴታ ሴት ነኝ ወይ?» ብሎ አያፍርም፣ ምክንያቱም እንዲህ የሚለው ሰው በዙሪያው የለም። እንቢታ እንኳ የሚያድገው በሰው መሃል ነው። አውራ አምባን የሠራው «ሰው የሚለው አይመለከተኝም» ማለት አይደለም፤ ሌላ ነገር የሚናገሩ ሰዎችን መሰብሰብ ነው።

ስለዚህ ሱፍ ለባሹን ወንድሜን አንድ ነገር እለዋለሁ። ተሰዳቢውን ማበርታት ጥሩ ነው። ግን ፊትህን አዙርና ሰዳቢውን አንድ ቀን ገሥጸው። እሱ ላይ ቪዲዮ ስትሠራ ሼር የማደርግልህ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

ለእናንተ ለተማሪዎቼ ደግሞ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የወረዳ ሠራተኛ፣ እናትና አባት ሆናችኋል። የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚበላ ልጅ ካለ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሌሎቹም እንዲያዩ ሆናችሁ ተቀመጡ። ገበያ ስትወርዱ ሸክላ ሠሪዋን «እንዴት ዋሉ፣ እማማ?» በሏት። ቡና ስታፈሉ ጀበናውን የሠራችውን ጥሯት። ልጃችሁ «ቡዳ» የሚለውን ቃል ከማን እንደሰማ ጠይቁት፣ ከእናንተ ከሆነ ደግሞ ከእናንተ ይቁም።

እዚህ ገጽ ላይም በሰው ሙያና ዘር የሚቀልድ ኮሜንት አጠፋለሁ። የማንም ይሁን፣ የማንም ልጅ።