የደመወዝ ወረቀት፤ ባልና ሚስት አብረው ሊያነቡት የሚገባ

ለመንግሥት የሚያገለግል ሰው ያለበት ቤት ሁሉ የወሩን መጨረሻ በተስፋ ይጠብቃል። ነገር ግን ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፥ ከርሱም ላይ ምን እንደሚቀነስ፥ የተቀነሰውም ወዴት እንደሚሄድ አጥርቶ የሚያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ከዚህ የተነሣ አንደኛው የሚናገረው ቍጥርና ሁለተኛው በእጁ የሚቀበለው ገንዘብ አልገጥም ይላል፤ በሰላም ይኖሩ በነበሩት ባልና ሚስት መካከልም ያለ ምክንያት ጥርጣሬ ይገባል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ እንዴት እንደሚሰላ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ አሰብን።

በቀድሞ ዘመን የመንግሥት አገልጋይ የድካሙን ዋጋ በገንዘብ ብቻ አይቀበልም ነበር። ለአንዱ ማደሪያ መሬት፥ ለሌላው ቀለብና ድርጎ ይሰጠው ነበር። እህሉ በጎተራ ሲገባ ሚስትም ልጆችም መጠኑን በዐይናቸው ያዩታል፤ የቤቱ እመቤትም እስከ መቼ እንደሚያደርስ አውቃ ትሰፍራለች። ዛሬ ግን ደመወዝ ከመሥሪያ ቤት ወደ ባንክ ሲያልፍ የሚያየው የለም። እንግዲህ ለዛሬው ቤት የጎተራው ምትክ የደመወዝ ወረቀት ነው። እርሱን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፥ የቤቱ ጎተራ ተዘግቶ ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ እንደ ቀረ ይቈጠራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ደመወዝ ለሰውየው ሳይሆን ለተቀመጠበት የሥራ መደብ የተወሰነ መሆኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው ምዘና የፌዴራል መንግሥት የሥራ መደቦች እንደየክብደታቸው ተመዝነው በ22 ደረጃ ተመደቡ። እያንዳንዱ ደረጃ መነሻና ጣሪያ አለው፤ በመካከላቸውም ሠራተኛው ቀስ በቀስ የሚወጣባቸው እርከኖች አሉ። ስለዚህ በአንድ ዓመት ከአንድ ትምህርት ቤት የተመረቁ ሁለት ጓደኞች ደመወዛቸው ቢለያይ፥ አንዱ ሰነፍ ሌላው ብርቱ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ መደባቸውን ጠይቆ መረዳት ይሻላል።

የደመወዙ መጠን በቅርብ ዓመታት ሁለት ጊዜ ተሻሽሏል። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆነ፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚቀጠር ጀማሪም ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አደገ። ጭማሪው በተነገረ ጊዜ ብዙ ቤት ሙሉውን ገንዘብ በእጁ እንደ ጨበጠ አድርጎ ዕቅድ አወጣ። ወሩ ሲደርስ ግን የተጠበቀው ሁሉ አልመጣም። ይህም የሆነበትን ምክንያት እነሆ እናስረዳለን።

በወረቀቱ ላይ ከደመወዙ የሚቀነሱት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው በመቶ 15፥ እስከ 7,000 ያለው በመቶ 20፥ እስከ 10,000 ያለው በመቶ 25፥ እስከ 14,000 ያለው በመቶ 30፥ ከዚያም የሚበልጠው በመቶ 35 ይከፈልበታል። ብዙ ሰዎች ደመወዛቸው ወደ ላይኛው ረድፍ ሲሻገር ጠቅላላው ገንዘብ በላይኛው ልክ የሚቈረጥ መስሏቸው ዕድገቱን እስከ መፍራት ይደርሳሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በላይኛው ልክ የሚቈረጠው ከወሰኑ ያለፈው ትርፍ ብቻ ነው፤ የታችኛው በታችኛው ልክ ይቀራል።

አሁን በ11,500 ብር የምትጀምር አንዲት ሠራተኛ እናስብ። ከሁለተኛው 2,000 ብር ላይ 300 ብር፥ ከሚቀጥለው 3,000 ላይ 600፥ ከሚቀጥለው 3,000 ላይ 750፥ ከቀረው 1,500 ላይ 450 ብር ይቀነሳል። ግብሩ በጠቅላላው 2,100 ብር ይሆናል። ከሙሉው ደመወዝ በመቶ 7 የሆነው የጡረታ መዋጮ 805 ብር ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ ወደ ቤት የሚገባው 8,595 ብር ነው። ይህችው ሠራተኛ በ6,940 ብር ላይ ሳለች በዚሁ ስሌት ወደ ቤቷ ይገባ የነበረው 5,566 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። እንግዲህ በወረቀት የተጨመረላት 4,560 ብር ሲሆን፥ በእጇ የተጨመረው 3,028 ብር ከ80 ሳንቲም ብቻ ነው። ከጭማሪው ሦስት እጅ አንዱ ያህል በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ባል ሚስቱን፥ ይህን ያላወቀች ሚስትም ባሏን፥ የቀረውን የት አደረስከው፥ የት አደረስሽው ማለታቸው የማይቀር ነው። ብዕርና ወረቀት ይዘው አብረው ያሰሉት ባልና ሚስት ግን ከዚህ ጠብ ይድናሉ።

የጡረታውን መዋጮ እንደ ጠፋ ገንዘብ ማየት አይገባም። ሠራተኛው በመቶ 7 ሲያዋጣ መንግሥት በበኩሉ በመቶ 11 ይጨምርበታል። በምሳሌያችን ላይ ላለችው ሠራተኛ የመንግሥቱ ድርሻ በወር 1,265 ብር ነው፤ ከርሷ 805 ብር ጋር ሲደመር 2,070 ብር ይሆናል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 209 ታውጆ፥ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። ዛሬ 10 ዓመት አገልግሎ ዕድሜው 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ በወር በወሩ የሚከፈለው አበል ያገኛል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት ከአማካይ ደመወዙ በመቶ 30 ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት በመቶ 1.25 ይጨመራል፤ ነገር ግን ከመቶ 70 አይበልጥም። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው የአማካይ ደመወዙን በመቶ 55 ይወስዳል። አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላ ግን በየወሩ የሚከፈል ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ዳረጎት ይቀበላል። ጥቂት ዓመት ሲቀረው በስሜት ተነሥቶ ሥራውን ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይህን ከቤተ ሰቡ ጋር ይመዝን።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ሞት ለማንም ቀጠሮ አይሰጥም። ሠራተኛው ወይም ባለጡረታው ሲሞት ለትዳር ጓደኛው የአበሉ እኩሌታ፥ ለያንዳንዱም ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ በመቶ 20 እንዲከፈል ሕጉ ወስኗል። ነገር ግን መብቱ ያለ ማስረጃ አይገኝም። የጋብቻው ምስክር ወረቀት ያልወጣ፥ የልጆቹ ልደት ያልተመዘገበ፥ በመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ውስጥ የሚስቱ ስም ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ፥ ኀዘንተኛዪቱ እንባዋ ሳይደርቅ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፥ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ትንከራተታለች። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ያዋጣው ገንዘብ በስሟ እንዲወጣ ማስረጃ ስትለቅም፥ ልጆቿ የትምህርት ጊዜያቸው ያልፋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ይህን ዛሬ በጤና ሳሉ ማዘጋጀት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ስለ ሥራው ሁኔታም ቤተ ሰቡ ማወቅ የሚገባው አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 የሥራው ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ፥ የዓመቱ ዕረፍት ከ20 የሥራ ቀን ጀምሮ እስከ 30 እንዲደርስ፥ ለምትወልድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር እንዲሰጣት፥ ለአባትም 10 የሥራ ቀን እንዲፈቀድ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ስለ ወጣ፥ ሠራተኛ ሁሉ የአዲሱን ቃል ከመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል ጠይቆ በቤቱ ማስቀመጥ ይገባዋል። ዕረፍቱን ሳይጠይቅ ያሳለፈ ሰው ለመንግሥት የጨመረው ጥቅም የለም፤ ከልጆቹ የወሰደው ጊዜ ግን አለ።

በመጨረሻም ስለ አበል አንድ ቃል እንናገራለን። የቤት፥ የመጓጓዣና የውሎ አበል ከመደቡና ከሥራው ጋር የሚመጣ፥ ሥራው ሲለወጥም የሚሄድ ነው። ጡረታም የሚሰላው ከዋናው ደመወዝ ላይ እንጂ ከአበል ላይ አይደለም። ስለዚህ የቤት ኪራይን፥ የልጆችን የትምህርት ክፍያና ዕቁብን በአበል ላይ የመሠረተ ቤት፥ ሰውየው ወደ ሌላ መደብ በተዛወረ ማግሥት በዕዳ ይያዛል። ቋሚው ወጪ በቋሚው ደመወዝ ልክ ይሁን፤ አበሉም ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችንን የምንመክረው ይህ ነው። በሚመጣው ወር ደመወዝ ሲከፈል ወረቀቱን ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ ከራት በኋላ ባልና ሚስት አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ፤ ያልገባችሁን መስመር ጽፋችሁ በማግሥቱ ሒሳብ ክፍሉን ጠይቁ። የቅጥሩን ደብዳቤ፥ የዕድገቱን ደብዳቤ፥ የጋብቻውንና የልጆቹን ልደት ማስረጃ በአንድ ማኅደር አድርጋችሁ ሁለታችሁም በምታውቁት ስፍራ አስቀምጡ። ደመወዙ በዚህ አይጨምርም፤ ነገር ግን ያለውን በልኩ ያወቀ ቤት ከጥርጣሬም ከዕዳም ይጠበቃል።