ስምን ስለ መስረቅ

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የሌላውን ሰው ኤሌክትሮኒክ ማንነት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መያዝንና ማስተላለፍን ከወንጀል የቆጠረ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ የባንኮቹም አገልግሎት በእጅ ስልክ ተስፋፍቶ፣ የፋይዳ መታወቂያም ተጨምሮበት፣ የአንድ ሰው ስሙ፣ ገንዘቡና ዘመድ ወዳጁ ሁሉ በአንዲት ስልክ ውስጥ ስለ ተከማቸ፣ ሌባ በጥቂት ድካም ብዙ የሚያፍስበት ዘመን ደርሶብናል።

ይህ ሌባ ብዙዎች እንደሚያስቡት የረቀቀ ጥበብ ያለው ሰው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰብረው ቁልፍ የለም፤ ይለምናል፣ ይሰጡታልም። በቴሌግራም የሚሠራውን ተንኮል ብንመረምር ነገሩ ይገለጣል። ሌባው የባለስልኩን ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ያስገባል፤ ቴሌግራምም ባለቤትነቱን ለማረጋገጥ ባለ አምስት አኃዝ ኮድ ወደ እውነተኛው ባለቤት ይልካል። በዚያው ደቂቃ፣ አስቀድሞ አካውንቱ ከተሰረቀበት ከአንድ የቅርብ ወዳጅ ስም፣ «በስሕተት ወደ አንተ የሄደ ቁጥር አለ፤ እባክህ ቶሎ ላክልኝ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ቁጥሩን የላከ እንደ ሆነ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌባው እርሱን መስሎ በዋሽንግተንና በዱባይ ላሉት ዘመዶቹ፣ «ጨንቆኛል፤ ነገ የምመልሰው ብር ፈልግልኝ» እያለ ይጽፋል። ፈጥኖ የሚልከውም ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ሰው ነውና፣ ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ እኅት የወንድሟን እውነተኛ ችግር እንኳ የምትጠራጠርበት ቀን ይመጣል።

«ከባንክ ነው የምንደውለው» ባዩም ከዚህ አይለይም። ድምፁ ትሑት ነው፤ «እናቴ»፣ «አባቴ» ማለት ያውቅበታል፤ ሒሳባቸው ሊዘጋ መሆኑን ወይም ሽልማት እንደ ደረሳቸው ከነገራቸው በኋላ የምስጢር ቁጥራቸውን ይጠይቃል። የለመነውን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር፣ የደዋዩንም ማንነት አጥብቆ መጠየቅ ብልግና በሚመስልበት አገር፣ የዚህ ሌባ ዋና መሣሪያ ይሉኝታችን ነው። ይሉኝታ ይጥፋ አልልም፤ ነገር ግን የጥንቱ ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ማኅተም ለማንም እንደማያውስ ሁሉ፣ ያ ኮድና የምስጢር ቁጥሩም ለባንክ ሠራተኛም ሆነ ለገዛ ወንድም የሚሰጡ አይደሉም።

ይህን ካልን በኋላ፣ ጥፋቱን ሁሉ በተዘረፈው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው አገልግሎቱን የከፈተ ባንክ ማስጠንቀቂያውንም በሚሰማው ቋንቋ፣ በድምፅ ማድረስ ይገባዋል፤ ከዚህ በፊት ወዳልታወቀ ተቀባይ የሚሄድ ብዙ ገንዘብም ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ የሚጎዳ የለም። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ በኋላ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ እየተሰበሰበ መጨረሻው የማይታወቅ መሆኑም (ስንቱ ወረቀት የሸቀጥ መጠቅለያ ሆኖ ይሆን!) ሊቆም የሚገባው ልማድ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን በእጃችን ያለው መድኃኒት ቀላል ነው። ገንዘብ ለጠየቀን ዘመድ አስቀድሞ በሚታወቀው ቁጥሩ ደውሎ ድምፁን መስማት ያስፈልጋል፤ በቴሌግራም ላይ ከሚላከው ኮድ ሌላ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማበጀት ይቻላል፤ ሌባው ገብቶም ቢገኝ፣ አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ነባሩን ሊያስወጣ ስለማይችል፣ ባለቤቱ ቀድሞ ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ወጣት ሁሉ፣ ዛሬ ማታ የእናቱንና የአባቱን ስልክ ተቀብሎ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ያብጅላቸው።