ጭነቱና ወረቀቱ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ዓ. ም. ገዳሪፍ ሳለን፥ ከኡም ራኩባ መጠለያ የመጣች አንዲት ሴት በሕይወት ከተገኙት ሰዎች ዝርዝር የወንድምዋን ስም እንድንፈልግላት ለመነችን። በሻይ ቤቱ አሮጌ ኮምፒዩተር አድራሻውን ብንጽፍ፥ ገጹ በመነበብ ፈንታ «ፋይሉን ማስቀመጥ ይፈልጋሉን?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሴቲቱም ፊታችንን አይታ በትግርኛ «ሞቷል ማለት ነውን?» አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገጽ የሚልከው ኮምፒዩተር ከጽሑፉ አስቀድሞ የይዘቱን ዓይነት ያስታውቃል፤ ይኸውም በጋላባት ኬላ ጭነቱ ሳይፈታ እንደሚታየው ወረቀት ነው። ዓይነቱ «ኤችቲኤምኤል» ቢባል አሳሾች ሁሉ ያነቡታል። «ኤክስኤችቲኤምኤል» ቢባል ግን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ ስምንተኛው እትሙ ድረስ አያውቀውም፤ ያወቀው በ2011 ዓ. ም. የወጣው ዘጠነኛው ነው። ጭነቱ ያው ሆኖ ሳለ በወረቀቱ ብቻ ይመለሳል። አሳሹ የሚቀበላቸውን ዓይነቶች ከጥያቄው ጋር ይልካልና፥ ላኪው ያንን ተመልክቶ መመለስ ይችል ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን በሻይ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አንጥልም።

በፋየርፎክስ ብንከፍተው ዝርዝሩ ወዲያው ታየ። የወንድምዋ ስም አልነበረበትም። እርስዋም ዝርዝሩ ሲታደስ በዚያው አሳሽ እንድንከፍትላት አደራ ብላን ሄደች።