የሠርጉ ዲስክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ ለምን ይበላሻል?

ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከእስቴ የተላከ ሲሆን፣ ጉዳዩ በጋይንትም በስማዳም ያሉ ብዙ ቤተሰቦችን የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው የዚህን ወር ዓምዳችንን ለእርሱ ሰጥተናል።

ጸሐፊዋ እህታችን በ2000 ዓ.ም በተፈጸመው ኒካሗ ላይ እናቷ ሲመርቋት የሚያሳይ ዲቪዲ አላት። እናቷ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። መልካቸውና ድምፃቸው የተቀረጸበት ሌላ ነገር የለም። ዲስኩን ወደ ስልክ እንዲገለብጡላት ለአንድ ሱቅ ሰጠች። ተመልሶ የመጣላት ምስል ግን ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ሚዶ ጥርስ የሚሰነጣጠቅ፣ ፊቱ ወደ ጎን የተለጠጠ፣ ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተሸፈነ ሆነባት። «ዲስኩ አርጅቷል» ነው የተባለችው።

ይህን ከመቀበል በፊት ዲስኩን በዲቪዲ ማጫወቻ ከፍቶ ያንኑ ደቂቃ ማየት ይገባል። እዚያ ጥርት ብሎ ከታየ ጥፋቱ የአገላበጡ እንጂ የዲስኩ አይደለም። እህታችን በጎረቤት ማጫወቻ እንዳየችው ከሆነ የእናቷ ፊት ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ።

የሚዶው ጥርስ ምክንያት እንዲህ ነው። የዚያን ጊዜ ካሜራ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስሎችን ያነሳ ነበር፤ አንዴ ጎዶሎ መስመሮችን፣ አንዴ ሙሉ መስመሮችን። የድሮው ቴሌቪዥን እያፈራረቀ ስለሚያሳያቸው ዓይን አይለያቸውም። የስልክ ስክሪን ግን ሁለቱን ግማሾች ባንድ ላይ ያወጣቸዋል፤ በመካከላቸው የተንቀሳቀሰ እጅ ወይም ነጠላ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ሲገለበጥ «ዲኢንተርሌስ» የሚባለውን ምርጫ ማብራት ነው። ሀንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ይገኛል።

የፊቱ መለጠጥ የሚመጣው 4 ለ 3 የሆነውን ምስል የስልኩን ሰፊ ስክሪን እንዲሞላ አስገድዶ ከመሳብ ነው። በግራና በቀኝ ጥቁር ቢቀር ምን አለበት?

ከሁሉ የሚከፋው አራት ማዕዘኑ ነው። የእህታችን ዲስክ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ፣ 4 ጊጋ ባይት ገደማ ሲሆን ሱቁ ወደ 300 ሜጋ ባይት አውርዶታል። ለእያንዳንዱ ሰከንድ የቀረው 330 ኪሎ ቢት ብቻ ነው ማለት ነው። ሰው ተቀምጦ ሲታይ ይህ ያስኬዳል፤ ጭብጨባውና ግርግሩ ሲመጣ ግን አይበቃም። እኛ ለእንዲህ ያለው ቪዲዮ ከአንድ ጊጋ ባይት በታች አንመክርም። በሀንድብሬክ የጥራቱን ቁጥር ከ18 እስከ 22 ባለው መካከል ማድረግ ይሻላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል። «ኤችዲ አደርግላችኋለሁ» የሚላችሁን ደግሞ አትስሙ። በዲስኩ ላይ ያለው 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ፋይሉን ማሳበጥ ያልተቀረጸውን አያመጣም። ዲስካችሁ ቪሲዲ ከሆነ ከመነሻው 352 በ288 ብቻ ስለሆነ ብዥታው የማንም ጥፋት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሳይታመቅ ሙሉውን ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ቅዱት። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወስዶ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ከታመቀ በኋላ የጠፋው ነገር አይመለስም፤ ሙሉው ቅጂ ካለ ግን አሥር ጊዜ ተሳስቶ እንደገና መሥራት ይቻላል። ሱቅ ውስጥ የተቀዳ ዲስክ ምስሉን የሚይዘው በቀለም ላይ ሲሆን፣ ፀሐይና ሙቀት ይጎዱታል። ስለዚህ ለከርሞ አታቆዩት። አንዱ ኮምፒውተር አላነብ ካለው በሌላ ይሞከር፤ ከቆሸሸም በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይጠረግ እንጂ ዙሪያውን አይታሽ።

አንድ ነገር እንጨምር። በሠርግ ቪዲዮ ውስጥ እህቶች ለቤተሰብ ብቻ ብለው ያለ ሒጃብ የተቀረጹበት ይኖራል። ዲስኩ አማና ነው። የምታምኑት ዘመድ በቤቱ ኮምፒውተር ካለው በእርሱ ይሠራ። ሱቅ ከተወሰደም ከቤተሰቡ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ይጠብቅ፤ ሥራው ሲያልቅም እዚያ የቀረውን ቅጂ ፊቱ እንዲያጠፉት ያድርግ።